«ምንም ውጤት አልተገኘም»፦ ከአንዲት የመዝገብ ቤት ጡረተኛ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ስሜ ፀሐይ ነው። ከ1976 እስከ 2010 ዓ.ም. 34 ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቼ በጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። የምኖረው ኮተቤ ነው። ለጋዜጣ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሥራዬ ሌላ ሰው የጻፈውን ተቀብሎ ማስቀመጥ፣ ሲፈለግ ደግሞ ቶሎ ማውጣት ነበር። ዛሬ ብዕር ያስነሣኝም ይኸው የ«ማውጣት» ነገር ነው።

ነገሩ የጀመረው በጎረቤቴ ነው። ባለቤቷ ያረፈው ባለፈው ክረምት ነው። አርባው ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ነጠላዋን እንደዘቀዘቀች መጣችና ቡና እየጠጣን፣ «እትዬ ፀሐይ፣ መቼም እርስዎ ቢሮ የሠሩ ሰው ነዎት፤ የሟች ጡረታ ለማስጨረስ ምን ምን ወረቀት ነው የሚጠይቁት?» አለችኝ። እኔ የማውቀው የድሮውን ነው። ሕጉም አሠራሩም ተለውጧል። እርግጠኛ ባልሆንኩበት ነገር ሰው ማመላለስ ደግሞ አልወድም።

የእህቴ ልጅ እኔ ጋ ነው የሚኖረው። ኮምፒውተር የተማረ ልጅ ነው። «አክስቴ፣ ምን ያደክማችኋል? መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ አለው» ብሎ ስልኩን አወጣ። መሥሪያ ቤቱን ስሙን አልጠራም። የአንዱ ብቻ ጥፋት ቢሆን ኖሮ ደብዳቤ አልጽፍም ነበር፤ ሄጄ እነግራቸው ነበር።

«የሟች ጡረታ» ብሎ ጻፈ። «ምንም ውጤት አልተገኘም» አለው።

«ጡረታ» ብቻ አደረገው። ሦስት ዜና መጣ። አንዱ ስለ ዐውደ ጥናት፣ አንዱ ሠራተኞቹ ችግኝ ስለ መትከላቸው፣ አንዱ ከክልል ስለ መጡ ጎብኚዎች። ፎቶዎቹ ጥሩ ናቸው። ጎረቤቴ ችግኙን አይታ፣ «ይኼ ጽድ ነው አይደል?» አለች። ከዚያ በላይ የጠቀማት ነገር የለም።

ከዚያ «ማስታወቂያ» የሚለውን ከፍቶ ወደ ታች መውረድ ጀመረ። እኔም መነጽሬን አድርጌ አብሬው አየሁ። የመጀመሪያው ርእስ «ማስታወቂያ» ይላል። ቀጥሎ ያለው «ማስታወቂያ»። ቀጥሎ «አስቸኳይ ማስታወቂያ»። ቀጥሎ «በጣም አስቸኳይ ማስታወቂያ»። ስለ ምን እንደሆነ የሚናገር አንድም የለም። እየከፈቱ ማየት ነው። እያንዳንዱ ሲከፈት ካርድ ይበላል። አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ ስንደርስ አገኘነው። የፋይሉ ስም «ስካን 0047» ነው። ጎኑን የተኛ የደብዳቤ ፎቶ ነው። ልጁ ስልኩን ሲያዞረው ስልኩ ደግሞ ፎቶውን መልሶ ያዞርበታል። እንደ ምንም አንገታችንን አጣመን እያነበብን አራተኛው ነጥብ ላይ ስንደርስ ክቡ ማኅተም አርፎበታል። «… የተረጋገጠ …» የሚል ይነበባል። ምኑ እንደሚረጋገጥ ማኅተሙ ብቻ ነው የሚያውቀው።

በማግስቱ ሁለት ታክሲ ይዘን ሄድን። በሩ ላይ ጥበቃው፣ «እማማ፣ ምን ፈልገው ነው?» አለኝ። ነገርኩት። «እሱማ ግድግዳው ላይ አለልዎት» ብሎ በእጁ አሳየኝ። እውነትም አለ። በትልልቅ ፊደል፣ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ ሰባቱም ነጥብ ቁልጭ ብሎ። ግድግዳው ከድረ ገጹ ይሻላል።

ቆሜ ሳስበው የገረመኝ ይህ ነው። ያን ማስታወቂያ አንድ ሰው በኮምፒውተር ጽፎታል። ያኔ የሚፈለግና የሚገኝ ጽሑፍ ነበር። ከዚያ ታተመ። ተፈረመ። ማኅተም ተመታበት። ከዚያ ፎቶ ተነሥቶ ተመልሶ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። ሲወጣ ጽሑፍ ነበር፤ ሲመለስ ሥዕል ሆነ። መፈለጊያው ሥዕል አያነብም። ጎረቤቴ «የሟች ጡረታ» ብላ ብትጽፍ፣ እኔ ብጽፍ፣ ራሳቸው ኃላፊው ቢጽፉ አይገኝም። ማኅተሙን አልጠላም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ከማኅተም ጋር ኖሬአለሁ። ግን ጽሑፉን ከላይ አድርጎ፣ ማኅተም ያለበትን ቅጂ ከሥሩ በአባሪነት ማስቀመጥ ማንን ይጎዳል?

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ።

መዝገብ ቤት ስገባ የተቀበሉኝ አለቃ በመጀመሪያው ሳምንት ያስተማሩኝ ነገር ቢኖር ፋይል አይጠፋም፤ በሌላ ስም ይቀመጣል የሚለውን ነው። ቆይቼ እውነት መሆኑን አየሁ። ስንፈልግ ከዋልንባቸው ፋይሎች አብዛኞቹ መደርደሪያቸው ላይ ነበሩ። ፈላጊው የሚጠራቸውና አስቀማጩ የጻፈባቸው ስም ነው ያልተገናኘው። መድኃኒቱ የኢንዴክስ ካርድ ነበር። ለአንድ ፋይል አንድ ካርድ አይበቃም። ሰው በየትኛው ስም ሊጠይቀው እንደሚችል ይታሰብና ሦስትም አራትም ካርድ ይጻፋል። ካርዱ ላይ «ይህን ይመልከቱ» ተብሎ የማኅደሩ ቁጥር ይሰፍራል። ጠያቂው በየትኛውም በር ቢገባ እዚያው አንድ ክፍል ነው የሚደርሰው።

አንድ ጊዜ ስሙ በ«ኃይለ» የሚጀምር ሾፌር የዕድገት ጉዳይ ነበረው። ማኅደሩን ሁለት ቀን ፈለግነው። የቀጠረው ክፍል በብዙኃኑ ኀ ጽፎታል፤ የደመወዝ ክፍል በሃሌታው ሀ። ካርዶቹ በፊደል ተራ ነው የሚደረደሩት። ሀ መጀመሪያው መሳቢያ፣ ኀ ደግሞ ወደ መሐል ሌላ መሳቢያ ነው። ሰውየው ኮሪደር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ እኛ መሳቢያ እንከፍታለን። ከዚያ ወዲያ ለእንዲህ ዓይነት ስም በሁለቱም መሳቢያ ካርድ ማስገባት ሕግ አደረግነው።

ኮምፒውተሩ ዛሬ ያለው እኛ ያኔ የነበርንበት ቦታ ነው። የእህቴ ልጅ እንደነገረኝ፣ በፈረንጆቹ 1999 ፊደላችን ዩኒኮድ የሚባለው፣ ኮምፒውተሮች የየአገሩን ፊደል በቁጥር የሚያውቁበት መዝገብ ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቁጥር ተሰጠው። መሰጠቱ ትክክል ነው። ግን ማንም ካልነገረው በቀር ለኮምፒውተሩ ሀ እና ሐ የሚለያዩት ሀ እና መ በሚለያዩበት መጠን ነው። ለእኛ ጆሮ አንድ ናቸው፤ ለእሱ ምንም ዝምድና የላቸውም።

የራሴን ስም ልውሰድ። በፀሐዩ ፀ ወይም በጸሎቱ ጸ ይጻፋል። (በነገራችን ላይ ፊደሉን ከጸሎቱ የምንለየው በእኔ ስም ነው። ኩራት ቢሰማኝ አይፈረድብኝም።) መሐሉን ደግሞ ሐ፣ ሀ፣ ሃ፣ ኀ፣ ኃ፣ ሓ የሚያደርግ አለ። ሁለት ሲባዛ በስድስት 12 ነው። ሦስት ፊደል ያላት አንዲት ስም በ12 መንገድ ልትጻፍ ትችላለች። ባንክ ደብተሬ ላይ አንድ ዓይነት ነው፣ መታወቂያዬ ላይ ሌላ፣ የእድሬ መዝገብ ላይ ሦስተኛ። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውንማ አንድ ከሰዓት ቁጭ ብዬ በወረቀት ቆጠርኩት። ስድስት ዓይነት ሀ፣ ሁለት ዓይነት ስ፣ ሁለት ዓይነት ሴ፣ ተለያይቶም ተጋጥሞም፤ 48 ሆነ። «ኃ/ሥላሴ» ተብሎ በአጭሩ የሚጻፈውን ሳልጨምር ነው። «ጽሕፈት ቤት»ም እንዲሁ ነው። ጽ/ቤት የሚለው አለ፣ ፅ/ቤት የሚለው አለ፣ በነጥብ የሚያሳጥረው አለ፣ ሁለቱን ቃል ገጥሞ የሚጽፈው አለ።

እዚህ ላይ ከፊደል ቀናሾቹ ጋር እንዳትደምሩኝ። ይቀነስ አይቀነስ የሚለው ክርክር እኔ ሳልወለድ የነበረ ነው፤ ከእኔም በኋላ ይኖራል። እኔ በንጉሡ ሠ «ሠራተኛ» ብዬ መጻፍ እወዳለሁ። ማንም እንዲያስጥለኝ አልፈልግም። የምጠይቀው መፈለጊያው ሲፈልግ ብቻ እንዲያመሳስላቸው ነው። የተጻፈው እንደተጻፈ ይቀመጥ። ከሥር፣ ሰው በማያየው ቦታ፣ ሐ እና ኀ እንደ ሀ ይቆጠሩ። ሠ እንደ ሰ፣ ዐ እንደ አ፣ ፀ እንደ ጸ። «ስንት መስመር ይሆናል?» ብዬ ልጁን ጠየቅሁት። አብረን ቆጠርነው። የሐ ሰባት፣ የኀ ሰባት፣ የሠ፣ የዐ፣ የፀ ሰባት ሰባት፤ 35። ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ ሲጨመሩ 37። እንደ ሗ ያሉትን ዲቃላ ፊደሎች ብንጨምር ትንሽ ከፍ ይላል። አንድ ገጽ አይሞላም። እኔ በእጄ ስንት ሺህ ካርድ ጽፌአለሁ!

ሌላው የአማርኛ ጠባይ ቃል ብቻውን አለመሄዱ ነው። ጡረታ፣ የጡረታ፣ በጡረታ፣ ለጡረታ፣ ጡረታዬን፣ ጡረተኛ፣ ጡረተኞች። ለእኔ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። የዚያ መሥሪያ ቤት መፈለጊያ ግን «ጡረታ» ሲሉት «የጡረታ»ን አያውቃትም። ልጁ እየቀያየረ ሲሞክርልኝ በ«የ» ሌላ ዝርዝር መጣ፣ በ«በ» ደግሞ ሌላ። ሰው ይህን ሁሉ እንዲሞክር ከተጠበቀ መፈለጊያው ምን ሠራ?

ከሁሉ የሚብሰው ግን የፊደሉ አይደለም። የስሙ ነው። ጎረቤቴ «የሟች ጡረታ» አለች። ሰፈሩ ሁሉ የሚለው እንደዚያ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ደግሞ «የተተኪዎች ጡረታ አበል» ነው። ትክክለኛው የሕግ ቃል እሱ ነው፤ አልከራከርም። ግን ባሏ የሞተባት ሴት «እኔ ተተኪ ነኝ» ብላ አትነሣም። ቤት ያለው ሰው «ካርታ» ይላል፤ ወረቀቱ «የይዞታ ማረጋገጫ» ነው። ሾፌሩ «መንጃ ፈቃድ» ይላል፤ ወረቀቱ «የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ» ይላል። «ቦሎ»ም ሌላ የቢሮ ስም አላት። «ሊብሬ»ም ሌላ የቢሮ ስም አላት። «ልደት ካርድ» የሚለውን አንድም ቅጽ ላይ አታገኙትም፤ «የልደት ምስክር ወረቀት» ነው። የቢሮው ስም ይሻር አላልኩም። ከጎኑ የሰፈሩ ስም ካርድ ይግባለት ነው የምለው። «የሟች ጡረታ፦ የተተኪዎች ጡረታ አበል የሚለውን ይመልከቱ።» አንድ መስመር። የአማርኛው ዊኪፔዲያ ላይ በፈቃዳቸው የሚጽፉ ሰዎች እንኳ በሌላ አጻጻፍ የመጣውን አንባቢ ወደ ዋናው ገጽ የሚወስድ መምሪያ ያደርጋሉ። ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ለምን ያቅተዋል?

የነጋሪት ጋዜጣን ነገር ሳላነሣ ባልፍ ሙያዬ ይታዘበኛል። መዝገብ ቤታችን ውስጥ በቆዳ የተጠረዙ የጋዜጣው ጥራዞች ነበሩ። ነጋሪት ጋዜጣ መውጣት የጀመረው በ1934 ዓ.ም. ነው። የፌዴራሉ ደግሞ በ1987 ዓ.ም. ተቋቋመ። በግራ አማርኛ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ። ሁለቱ ቢለያዩ የሚጸናው አማርኛው እንደሆነ በዚያው ዓመት በወጣው አዋጅ ቁጥር 3 ተደንግጓል። አሁን እነዚያ ገጾች በስካን ኢንተርኔት ላይ ይገኛሉ፤ ያስቀመጡልንን እግዜር ይስጣቸው። ነገር ግን ልጁ አንዱን ከፍቶ ጽሑፍ ሲገለብጥ የቀኙ ዓምድ ጥርት ያለ እንግሊዝኛ ሆኖ ወጣ። የግራው ግን የላቲን ፊደል፣ ሥርዓተ ነጥብና ቁጥር የተቀላቀለበት ትርምስ ሆነ። ስካኑን ያነበበው ማሽን አማርኛ ማንበብ እንደሚገባው የነገረው የለም። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ሕጉን በአንድ ቃል ያገኘዋል። የሚጸናውን፣ ዳኛው የሚይዘውን፣ የእኛን ዓምድ ግን ገጽ በገጽ ማገላበጥ ነው። አማርኛ የሚያነብ ማሽን የለም እንዳይባል፣ ቴሰራክት የሚባል በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም አማርኛ ያነባል። ልጁ ሞከረልኝ። ስሕተት አለው፤ ጸ እና ጾ አንዳንድ ጊዜ ይምታቱበታል። ለመፈለግ ግን ከበቂ በላይ ነው።

ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፕሮግራሞች የተጻፉ ሰነዶችም አሉ። ስክሪኑ ላይ አማርኛ ይመስላሉ፤ ከሥር ያለው ግን የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፣ ልብሱ ብቻ ነው የእኛ። በዚያ ዘመን ከታይፕ ያወጡን እነሱ ናቸው፤ አልወቅሳቸውም። ግን ዛሬም በእነሱ ጽፎ ድረ ገጽ ላይ የሚጭን ቢሮ አለ። ጸሐፊዋን ስትጠይቋት «እጄ የለመደው እሱን ነው» ትላችኋለች። የእጅ ልማድ ይገባኛል። እኔም ከታይፕ ስላቀቅ አልቅሻለሁ።

የቁጥሩም ነገር አለ። የቤተሰብ ሕጉ በአማርኛው ገጽ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው፤ በእንግሊዝኛው 213/2000። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ እዚህ 1267/2014፣ እዚያ 1267/2022። ሕጉ አንድ ነው፤ የዘመን አቆጣጠሩ ነው ሁለት። የወንድሜ ልጅ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። ስለ አባቷ ቤት ጉዳይ በስልክ ስናወራ እሷ «213/2000» ትላለች፣ እኔ «213/1992» እላለሁ። ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። እኔ ደግሞ ሳልሸነፍ «2000 ዓ.ም. የሚሌኒየሙ ዓመት ነው፤ ያኔ የቤተሰብ ሕግ አልወጣም» እላታለሁ። ሁለታችንም ልክ ነበርን።

ይቺው ልጅ ያን የጡረታ ማስታወቂያ ብልክላት፣ «እትዬ፣ ይኼ እኮ የቆየ ነው፤ የ2017 ነው» አለችኝ። ቀኑ 12/10/2017 ይላል። ሰኔ 12 ነው፣ በእኛ። ለእሷ የስምንት ዓመት ወረቀት ነው። ድረ ገጹ ራሱ ከላይ የለጠፈበት ቀን ደግሞ የፈረንጅ ነው። አንድ ገጽ ላይ ሁለት ዘመን። «ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.» ብሎ በቃል መጻፍ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ወይ ሁለቱንም ጎን ለጎን ማድረግ። ጳጉሜንማ አታንሡት። አንድ ቅጽ ላይ ጳጉሜን 3ን ለማስገባት 13 ብዬ ብጽፍ «የተሳሳተ ወር» ብሎ መለሰልኝ። በራሴ አገር፣ በራሴ መንግሥት ቅጽ!

ስለ ገጾቹ አደራደር ብዙ አልልም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስትገቡ የሚቀበላችሁ ራእይ፣ ተልእኮና እሴት ነው። ቀጥሎ የኃላፊው መልእክት ከነፎቶው። ቀጥሎ ዳይሬክቶሬቶች በተዋረድ። እኔ ጉዳዬ የትኛው ዳይሬክቶሬት እንደሚያየው ባውቅ ኖሮ ምን እጠይቃለሁ? የመዝገብ ቤት መደርደሪያ በአለቆች ስም አይደረደርም። አለቃ ይቀየራል፤ የክፍሉም ስም በየመዋቅር ጥናቱ ይቀየራል። የሰው ጉዳይ ግን አይቀየርም። ሰው ይወለዳል፣ ያገባል፣ ይቀጠራል፣ ቤት ይገዛል፣ ይታመማል፣ ይሞታል። በዚህ ቢደረደር ጎረቤቴ «ሰው ሲሞት» የምትለውን ከፍታ፣ የሞት ምስክር ወረቀት ከየት እንደሚወጣ፣ ጡረታው እንዴት እንደሚተላለፍ፣ ምን ይዛ እንደምትሄድ በአንድ ቦታ ታነባለች።

«ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የሚለው ስትራቴጂ ሲወጣ በጋዜጣችሁ አንብቤ ደስ ብሎኛል። የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ከወጣም ብዙ ዘመን ሆኖታል። የመንግሥት አካል የያዘውን መረጃ ማግኘት መብታችን እንደሆነ፣ መሥሪያ ቤቱም ራሱ ማውጣት ያለበት እንዳለ ይናገራል። ማውጣት ማለት ግን ምን ማለት ነው? 14ኛው ገጽ ላይ ጎኑን የተኛ ፎቶ ወጥቷል ይባላል? እኔ በነበርኩበት ጊዜ ፋይሉን ካላገኘሁት «አለ፣ መደርደሪያው ላይ ነው» ብዬ ባለጉዳይ ብመልስ አለቃዬ ጆሮዬን ነበር የሚቆነጥጡኝ።

አንድ ነገር ብቻ ከእኛ ዘመን ይውሰዱ ብባል ደብተሬን እሰጣቸዋለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ባለ 50 ገጽ ሰማያዊ ደብተር ነበረች። ሽፋኗ ላይ «ያልተገኘ» ብዬ ጽፌባታለሁ። ሰው ጠይቆ ያጣነውን ነገር እሱ በጠራበት ቃል እንደወረደ እጽፋለሁ። አርብ ከሰዓት ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ። «የሐረር ጎማ» ይላል አንዱ። ኋላ ሲጣራ የሐረር ቅርንጫፍ የመለዋወጫ ግዢ ፋይል ሆነ። ወዲያው «ጎማ፣ ሐረር» የሚል ካርድ ይጻፋል። በሚቀጥለው ጊዜ የመጣው ሰው አይቸገርም። ልጁን «ድረ ገጽስ እንዲህ ያለ ደብተር አለው?» ስለው ሳቀ። ሰዎች ምን ብለው እንደፈለጉና ምን እንዳጡ ማስቀመጥ ለኮምፒውተር ቀላል ነው አለኝ። የሚያነበው ሰው ነው የሌለው። አርብ ከሰዓት የሚቀመጥ አንድ ሰው ያስፈልጋል። ፕሮግራመር መሆን የለበትም። የሰፈሩንም የቢሮውንም ቋንቋ የሚያውቅ ይሁን። ጡረታ የወጣን የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ብዙ ነን፤ ቤት ተቀምጠን ቡና ነው የምናፈላው።

እናንተም ከዚህ አታመልጡም። ጋዜጣችሁ ስለ ኪራይ አዋጁ ያወጣችሁትን ማብራሪያ ቆርጬ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌው ነበር፤ ዘይት ፈሰሰበት። ከድረ ገጻችሁ ልፈልገው «የቤት ኪራይ» ብዬ ብጽፍ የኪራይ ማስታወቂያና የእግር ኳስ ዜና መጣልኝ። የእግር ኳሱ ለምን እንደመጣ እስከ ዛሬ አልገባኝም። «የተከራይ መብት» የሚል ቃል ከጽሑፉ ሥር ብታስቀምጡ ኖሮ አገኘው ነበር። ርእሱ «አዲሱ አዋጅና አንድምታው» ነበር። አምስት አዋጅ በወጣ ቁጥር አምስት «አዲሱ አዋጅ» ይኖራችኋል። ከዓመት በኋላ የትኛው ነው አዲሱ?

ጎረቤቴ ጉዳይዋ ተጀምሯል። አራተኛው ነጥብ፣ ማኅተሙ የሸፈነው፣ የጋብቻ ማስረጃ ኖሮአል። ሰባቱንም ነጥብ ልጁ በስልኩ ጽፎ የእድራችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አስቀመጠው። ከላይ «የሟች ጡረታ፣ የተተኪዎች ጡረታ አበል፣ ባል ሲሞት፣ ሚስት ስትሞት» ብሎ ጻፈበት። እንዲህ አድርግ ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንዲት የማላውቃት ሴት መንገድ ላይ አስቁማ አመሰገነችኝ። ከሌላ ሰፈር ነው የመጣችው፤ ሰው ልኮላት ነው።

ደብዳቤዬ ከወጣ ስሜን በፀሐዩ ፀ እና በሐመሩ ሐ ጻፉልኝ። ከዚያ ልጁ በጸሎቱ ጸ እና በሃሌታው ሀ ይፈልገዋል። ካጣው እደውላለሁ።

ፀሐይ
ከኮተቤ፣ አዲስ አበባ